የጓድ ታፈሰ የሆድ ሕመም

እምነት ምንድን ነው ብትሉኝ መጽሐፍ አልገልጥም፤ በደርግ ጊዜ የደሴ ቀበሌያችን ካድሬ የነበረውን ጓድ ታፈሰን ነው የማነሳላችሁ። ረቡዕ ረቡዕ ሰብስቦን፣ ላቡ ጠብ እስኪል «እግዚአብሔር የለም» እያለ ያስተምረን ነበር። ሻይ ሲቀርብለት ግን ሰዓቱን ያያል። ዘጠኝ ካልሆነ አይነካትም! «ሆዴን ያመኛል» ይላል። ለመሆኑ ረቡዕን ጠብቆ የሚነሳ የሆድ ሕመም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ቀን ስብሰባው ላይ ጎረቤቱ እማማ ዘይነብ አላስችል አላቸውና፣ «በአላህ ልጄ፣ ከሌለ ለማን ብለህ ነው የምትጦመው?» አሉት።

ካድሬ ሲጦም መገኘት ያኔ ቀልድ አልነበረም።

ጓድ ታፈሰ ደንግጦ፣ «ይተዉኝ እማማ፣ እሱ ያውቃል!» አለ።

እሱ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔም፣ «ጓድ ታፈሰ ዛሬም ሆዱን አሞታል» ብዬ ጻፍኩ።