በማስቲሽ የለጠፍኩት አውሮፕላን

ዛሬ በገዛ ቤቴ፣ በማኅበርተኞቼ ፊት፣ ባለቤቴ ያደረገኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ብዙ ፖስት የማደርግ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። የበዓል ሰላምታ ነው የምለጥፈው። ይህን ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

የማርያም ጽዋ የእኛ ተራ ነበር። ሰው በልቶ ሲጫወት አንዷ ማኅበርተኛ ቡፌው ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን አየች።

«እትዬ ዘነበች፣ የዚችን አንድ ክንፍ ምን አጎበጠው?»

«ፀሐይ» አልኩ። ስንት ዓመት ያልኩት ነው፤ ምላሴ ለምዶታል።

ባለቤቴ መርዕድ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ፀሐይ አይደለም» አለ። «የአርባዬ ጣጣ ነው።»

ወጥ ልጨምር ብዬ ጓዳ ገባሁ። ወጡ እዚያው ፊታቸው ነበር።

እንግዲህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። መርዕድ አምስት ኪሎ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን የሚገጣጠም አውሮፕላን በሳጥን ገዝቶ መጣ። ልጅ ገና አልወለድንም፤ ለማን ነው ስለው «ለእኔ» አለ።

ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቆረጠና ለየ። እንደ ፈተና ወረቀት በየፖስታው ከቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ጻፈባቸው።

«ቅዳሜ አብረን እንለጥፈዋለን» አለኝ።

ሐሙስ ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ስንቅ ማመላለስ ሆነ። ምግቡ ገብቶ ባዶው ሳህን ከወጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚነግረን አልነበረም። እኔም ባዶ ሳህን ይዤ እያመሰገንኩ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ጠባቂው ስሙን ዝርዝሩ ላይ ፈለገና ሳህኑን ከነምግቡ መለሰልኝ።

«እዚህ የለም። ሁለተኛ ስንቅ እንዳታመጪ።»

በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ሰልፍ ላይ የነበሩት ሴቶች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አንዷ፣ ስሟን እንኳ አላውቅም፣ ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሸኘችኝ። ድልድዩ ላይ ሳህኑን አስያዘችኝና ወደ ሰልፏ ተመለሰች። የእሷ ሰው ገና ነበረ።

ለቅሶ መቀመጥ አይፈቀድም። ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ፤ ጥቁር መልበስም ያስጠይቃል። ሥላሴ ሄጄ ለነፍስ አባቴ ስሙን ሹክ አልኳቸው። በአርባኛው ቀን ፍትሐት አደረሱለት።

እኔ ያን ቀን በቀትር በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ ጧፍ አበራሁ። የምሄድበት መቃብር የለኝም። ከእሱ የቀረኝ የጀመረው ሥራ ነው። ልጨርስለት ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ።

አብሮት የመጣው ሙጫ ደርቋል። ድልድዩ አጠገብ ከሚሠራ ጫማ ሠሪ ትንሽ ማስቲሽ ለምኜ አምጥቻለሁ።

ማስቲሽ የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትሳቁ።

ከሳጥኑ የወጣውን የመገጣጠሚያ ሥዕል ወረቀት እያየሁ ለጠፍኩ። ማስቲሹ እንደ ማር ክር እየሳበ ጣቴንም ጠረጴዛውንም አንድ ላይ አጣበቀ። ጅራቱ ዘመመ። አንዱ ጎማ ወደ ሰማይ ዞረ። እንባዬም አላሳየኝ። የሆነው ሆኖ ቡፌው ላይ አስቀመጥኳትና አማተብኩ። ሐውልቱ ያች ነበረች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ የማላውቀው ሰው በሬን አንኳኳ። ከእስር የተፈታ ነው።

«መርዕድ ደህና ነው» አለኝ ሳይቀመጥ። «ወደ ሌላ እስር ቤት አዛውረውት ነው እንጂ አለ።»

መሬቱን ሳምኩ።

«አንድ መልእክት አለው» አለ ሰውየው። «ሳጥኔን ማንም እንዳይነካ፤ ቅዳሜያችንን ጠብቂልኝ በልልኝ ብሏል። እዚያ ሁሌ የሚያወራን ስለ አውሮፕላኗ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ በቁጥር ይገጣጥማታል።»

ቀና ሲል ቡፌውን አየ።

«ይቺ ናት?»

«አይደለችም» አልኩ። ከምስጋናዬ ቀጥሎ ከአፌ የወጣው ይህ ውሸት ነው።

በማግስቱ ነፍስ አባቴ ጋር ሮጥኩ። «አባ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አስደረግሁ፤ ምን ይሻለኛል?»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ጸሎት አይባክንም ልጄ። ተራውን ይጠብቅለታል።»

የፍትሐቱስ ይሁን፤ የአውሮፕላኑ ግን የእኔ ዕዳ ሆነ። ሰው በእስር ቤት አንድ ቅዳሜ ይዞ ሲኖር፣ እኔ ቀድሜ ቀብሬዋለሁ። ይህን በፍጹም ማወቅ የለበትም። ስለዚህ ላፈርሳት ተነሳሁ።

መጀመሪያ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርኳት። ማስቲሹ ንቅንቅ አላለም። ክንፉ ጎበጠ።

ፒያሳ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ሰዓት ይጠግኑ ነበር። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አገላበጧት።

«ማን ነው እንዲህ የጨከነባት?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን ለጠፍሻት?»

«በጫማ ማስቲሽ።»

«ታዲያ ሶል መች አነሳት፤ ተጫሚያትና ሂጂ እንጂ!» አሉ። ከዚያ ሥራቸው ትዝ አላቸው። «ተለጥፎ ያለቀን ነገር ለምን ታፈርሻለሽ?»

ግራ ቀኝ አየሁ። «ጋሽ ሰይድ፣ ባለቤቴ አለ። ሞቷል ብዬ ነበር።»

ተነሥተው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው።

ሰዓት በሚያጥቡበት ቤንዚን መገጣጠሚያውን እያራሱ፣ በቀጭን ወረንጦ ማስቲሹን እንደ ጅማት መዘዙት። እኔ ከሥር እየተቀበልኩ በጨርቅ እወለውላለሁ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሁሉም ተፈታ።

«ክንፉስ?» አልኳቸው።

«እኔ የማቃናው ሰዓት ነው። እሱን ለባለቤትሽ ስትነግሪው አላህ ይርዳሽ።»

እያንዳንዱን ክፍል ወደየፖስታው መለስኩ። ሳጥኑን ዘጋሁ። ወደ አዲሱ እስር ቤት ስንቅ መውሰድ ጀመርኩ። ባዶው ሳህን ሲወጣልኝ፣ በሰው ፊት ሳህን እንደምስም አልደብቃችሁም።

ዓመታት አለፉ። መርዕድ ከስቶ፣ ግማሽ ጥርሱን አጥቶ ወጣ። ወጣ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳጥኑን አስመጣኝ። ፖስታዎቹን ቆጠረ። ክንፉን አወጣና አየኝ።

«ፀሐይ ነው» አልኩ።

ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ዘርግቶ ረዥም ጊዜ ተመለከተው። አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ይሆናል» አለ። «ይቺን ክንፍ አንቺ ለጥፊያት።»

ለጠፍኳት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ልጆች ወለድን። አንድም ቀን አላነሳውም። አንድም ቀን!

ዛሬ ማኅበርተኞቹ ሲሄዱ «ማን ነገረህ?» አልኩት።

ከመዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ ያችን ወረቀት አወጣ። ጫፏ ላይ የደረቀች ጠብታ አለች። በጥፍሬ ነካኋት።

ጧፍ ነው።

ሁሉን ወልውዬ፣ ወረቀቱን ረስቼ!

«ስንቄን እንደመለሱብሽ እስር ቤት ሰምቻለሁ፤ ጧፍ አብርተሽ ሳጥኔን የምትከፍቺው ለምን እንደሆነ አላጣውም» አለ። «ባትነግሪኝም ገብቶኛል ብዬ ተውኩት።»

እናንተዬ፣ ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እያየ አርባውን ስትደብቅ የኖረች ሴት ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ? ካለች ኮመንት ላይ ጠቁሙኝ፣ ብቻዬን አልፈር።

እሱ አሁን ወንበሩ ላይ አሸልቧል። ትንፋሹ ይሰማኛል። ፍትሐቱ አባ እንዳሉት ተራውን እየጠበቀ ነው።

ተመስገን። ይጠብቅ።