የእትዬ ማርታ ፈቃድ

አብዛኞቻችን ኮምፒውተራችንን የሚያስነሣው ሲስተም የማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። በዚያ ዘመን ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ያሉ ሱቆች ከተባዛ ሲዲ ይጭኑልናል፣ እኛም አመስግነን እንሄዳለን። ፈቃድ ለንግድ ቤት ብቻ ሳይሆን ለኮምፒውተርም ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አንድ ብቻ ነበር። እሳቸውም እትዬ ማርታ ናቸው።

እትዬ ማርታ የሾኔ ተወላጅ ሲሆኑ ዕድሜያቸውን ሆሳዕና ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሀዲይኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ለዚሁ ሥራ አዲስ አበባ ሄደው ኮምፒውተር ሲገዙ ሲስተሙንም ከነፈቃዱ ገዙ። ሻጩ ሳይገረም የቀረ አይመስለኝም። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ታመሙና አረፉ።

ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ባለቤታቸው ጋሽ ላምቦሮ፣ የዱራሜ ሰው፣ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው። ዕቃውን እንደ ሕፃን አቅፈው እኔ ኮምፒውተር ወደማስተምርበት ኮሌጅ መጡ። ቃላቱን ማሳተም ነበር የሚፈልጉት።

ሃርድ ዲስኩ ደህና ነበር። ቃላቱን የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ከዚያ ሲስተም ውጪ አልሠራ አለኝ። ስለዚህ ቨርችዋል ማሽን ሠራሁ፤ በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። የእትዬ ማርታን ሲስተም እንዳለ እዚያ አስገባሁት። ተነሣ። ግን ገና ከደጅ አቆመን፤ ኮምፒውተሩ ተለውጧልና ፈቃዱ እንደገና ካልተረጋገጠ አላስገባም አለ። አያችሁልኝ? በየሱቁ የተባዛው ሁሉ ያለ ጠያቂ ይሠራል፤ በገንዘብ የተገዛው አንዱ ተጠርጣሪ ሆነ።

ለጋሽ ላምቦሮ፣ መናኸሪያ ጋ ያሉት ልጆች ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ይህን ሰብረው እንደሚከፍቱት ነገርኳቸው።

«እሷ ያልሰረቀችውን፣ ከሞተች በኋላ እኔ አልሰርቅላትም» አሉኝ።

ኢንተርኔቱ አልሠራ ስላለ ለኩባንያው ስልክ ደወልን። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ሲስተሙ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ አንድ ላይ ብቻ፣ የድሮው ተቃጥሏል አልኳት። ቀጥላ ባለፈቃዷ አጠገቤ መኖራቸውን ጠየቀች። ለጋሽ ላምቦሮ ተረጎምኩላቸው። ስልኩን ከእጄ ወስደው በዚያ በጤና ጣቢያ እንግሊዝኛቸው፣ «ሞታለች። እኔ ባሏ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ሴትዮዋ የማረጋገጫ ቁጥሮቹን ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች አነበበችልን። ጻፍኩ። ተከፈተ።

ቃላቱ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። የመጨረሻው ቃል ግን ሀዲይኛው ተጽፎ የአማርኛው ቦታ ባዶ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ላምቦሮን ጠየቅኳቸው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አላውቀውም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ከምባታ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ዕድሜያችንን ሙሉ ያወራነው በአማርኛ ነው።»

ሆሳዕና ያሉ ጎረቤቶች አንድ ፍቺ ነገሯቸው። ልባቸው አላረፈምና አውቶቡስ ተሳፍረው ሾኔ፣ የእትዬ ማርታ ታላቅ እህት ዘንድ ሄዱ። እህትየዋ ሌላ ፍቺ ሰጧቸው። ሁለቱንም ይዘው ወደ እኔ ተመለሱ። የትኛው እንደሚሻል ጠየቅኳቸው።

«እሷ የትኛውን ትጽፍ እንደነበር ማን ያውቃል? ሁለቱንም ጻፋቸው» አሉኝ።

መጻፍ ስጀምር ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ የሾኔውን እንዳስቀድም ለመኑኝ።