እስከ ኮረም የደረሰው ሽኝት

ሰው ሲሄድ ዝም ብሎ የሚሄድበት አገር አለ ይላሉ። ሻንጣውን ያነሳል፣ በሩን ይዘጋል፣ በቃ። እኔ ግን ያደግሁት ሰቆጣ ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛ የጋራ ንብረት ነው፤ አዲስ አበባ የሚሄደውንማ ጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ ማኅበርተኞቹ፣ ያኮረፉት ሰዎች እንኳ ሳይቀሩ እስከ ወንዙ ካልሸኙት ሄደ አይባልም። ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ አውቶብሳችንን የመለሰልን ግን ይኸው ልማድ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ከኮረም ጋር የምታገናኘን አንዲት አውቶብስ ነበረችን፤ ከዚያ በሌላ መኪና አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ወሰደውና ቀረች። መንገዱን በዶማና በአካፋ ብንጠግነውም ባለቤቷ አቶ ገብሩ፣ የኮረሙ ነጋዴ፣ ለባዶ ወንበር ቤንዚን አላቃጥልም ብለው እምቢ አሉ። አክስቴ ወይዘሮ ጥሩዬ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያዋን ወልዳ፣ ወገባቸው በበቅሎ አላስኬድ ብሏቸው፣ የልጅ ልጄን ሳላይ ልሞት ነው እያሉ ላገኙት ሁሉ ያለቅሱ ነበር። እኛም አብረን አዘንን።

በስንት ልመና አቶ ገብሩ አንድ ቀን ልሞክር ብለው መጡ። አደባባዩን የሞላውን ሕዝብ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ተሳፋሪ ግቡ ሲባል የገቡት ግን አክስቴ ብቻ ናቸው። የቀረነው ሸኚ ነን አልናቸው። ሰውየው ሞተሩን ሊያጠፉ እጃቸውን ሲሰዱ አክስቴ በመስኮት ብቅ አሉ።

«እኔ በመኪና፣ እናንተ በእግር፣ ይኼ ምን ሽኝት ነው? ግቡ እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። ከፍለን ገባን። ቄሱ ምርቃቱን ሳይጀምሩ ወንዙ አለፈ። እንዲህ ያለ ሽኝት ነውር ስለሆነ እስከሚቀጥለው ዳገት አልን፤ ዳገቱም ሳንጠግብ አለቀ። እያጨበጨብን፣ እየዘፈንን፣ አንዳንዶቻችንም በመስኮት እያስመለስን ኮረም ገባን። እዚያ ተላቅሰን ተሳሳምን። አክስቴ አማርኛው ስላልበቃቸው በኽምጥኛ መረቁን። እኛ ደግሞ ወደ ቤት መመለስ አለብን፤ አውቶብሷ እንደገና ሞላች።

«አደይ፣ እናቴ፣ ቶሎ ይመለሱልኝ» አሏቸው አቶ ገብሩ ከልባቸው። ከዚያ ወዲያ አውቶብሷ አልቀረችም፤ መቼም ከመሃላችን የሚሄድ አይጠፋም።

አክስቴ ሲመለሱማ መቀበል አለ። ግማሽ ከተማ ተጭነን ኮረም ወረድን። ልጃቸውንና ሕፃኗን ይዘው መጡ፤ ሕፃኗ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስትዞር እኔም ደርሶኝ ሳምኳት። ከዚያ ጓዙ ወረደ፤ የብረት አልጋ፣ ሳጥን፣ ፍራሽ። ለእናትና ለልጅ፣ ለአልጋና ለፍራሽ ወንበር መልቀቅ ግዴታ ነው። እንግዶቹም ጓዛቸውም ተሳፍረው ሄዱ፤ ብዙዎቻችን ቀረን።

በእግር ተነሳን፤ መንገድ ላይ እያደርን፣ አቧራ ለብሰን፣ እያነከስን ሰቆጣ ደረስን። አክስቴ ሕፃኗን ታቅፈው ከከተማው መግቢያ ቆመዋል፤ ሊቀበሉን ወጥተው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉን። «ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?»