ምክትልነት ወረፋ ነው ወይ?

የግሬፕቫይንና አካባቢው ታክሲ ነጂዎች መረዳጃ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1999
ቦታ፦ አዲሰን፣ ቴክሳስ፣ የአቶ ሸምሱ አፓርትመንት የጋራ አዳራሽ
የተገኙ፦ አቶ እንግዳ (ሊቀመንበር)፣ አቶ መኳንንት (ምክትል ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ ሰብለወርቅ (ሒሳብ ሹም)፣ አቶ ሸምሱ (አባል)፣ ሙሉዓለም (ድምፅ የሌለው ጸሐፊ)
ያልተገኘ፦ አቶ ፊልሞን፣ ተሳፋሪ ይዞ ፎርት ዎርዝ በመሄዱ

ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ ለስምንት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ አቶ እንግዳ ወደ ፍሪስኮ ስለሚዛወሩ፣ ምክትላቸው በቀጥታ ይታጫሉ ወይስ ይወዳደራሉ?

አቶ መኳንንት ጥያቄው መነሳቱ እንዳሳዘናቸው ገልጸዋል። ስድስት ዓመት በምክትልነት ሲያገለግሉ አንድም ስብሰባ ምሩ ተብለው እንደማያውቁ አስታውሰው፣ «ኤርፖርት ላይ ፊተኛው ታክሲ ጭኖ ሲሄድ ቀጥሎ የሚጭነው ሁለተኛው ነው። ተሳፋሪው ‹እስቲ ተወዳደሩ› አይልም» ብለዋል።

ወ/ሮ ሰብለወርቅ፣ የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት እንኳ የፓርቲውን እጩነት ለማግኘት በየስቴቱ እየዞረ እጅ ሲጨብጥ፣ አቶ መኳንንት ግን ባለፈው ወር ለቅሶ እንኳ እንዳልደረሱ ጠቁመዋል። አቶ መኳንንት ሺፍት ላይ እንደነበሩ መልሰዋል። ለቅሶው የማን እንደነበር ሲጠየቁ አጣርተው እንደሚያሳውቁ ተናግረዋል።

አቶ ሸምሱ፣ «ሶ፣ ምክትልነት ምንም ካላስገኘ ማን ምክትል ይሆናል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አቶ እንግዳ በበኩላቸው ምክትላቸው በየሳምንቱ እየደወሉ ጤናቸውን መጠየቃቸውን እስከ ዛሬ እንደ አሳቢነት ቆጥረውት እንደነበር፣ አሁን ግን መጠራጠራቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል። ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ምክትል ሊቀመንበር ብቸኛ እጩ እንዲሆን በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። አቶ እንግዳ የደገፉት ዕቃ ለመጫን ስለቸኮሉ ነው። አቶ መኳንንት ወዲያው ተመርጠው ወንበር ተቀያየሩ።

አጀንዳ 2፦ አዲስ ምክትል መምረጥ

ስድስት ዓመት ማንም ያልተመኘውን ቦታ አቶ ሸምሱና ወ/ሮ ሰብለወርቅ እኩል ጠየቁ። ወ/ሮ ሰብለወርቅ ተመረጡ። ወንበራቸውንም ወደ አዲሱ ሊቀመንበር አስጠግተው፣ ሂዩስተን ያሉት የሊቀመንበሩ ወንድም፣ ሊቀመንበሩም ወደዚያ እንዲዛወሩላቸው አይፈልጉም ወይ ሲሉ ጠየቋቸው።

«ሰብልዬ፣ እስቲ ትንሽ ራቅ በይ» አሉ አቶ መኳንንት።

«ጋሼ፣ እኔ ወረፋዬን ነው የያዝኩት።»

አቶ መኳንንት ውሳኔው ለእርሳቸው ብቻ ሠርቶ ከእርሳቸው በኋላ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሸምሱ ውሳኔው ከተሰረዘ በውሳኔው የተቀመጡትም እንደሚነሱ አስረዱ። አቶ መኳንንት ወ/ሮ ሰብለወርቅን ለጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ይሰረዝ አሉ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አቶ እንግዳ በሊቀመንበርነታቸው ይቀጥላሉ፤ ፍሪስኮም ሩቅ አይደለም ተብሏል። አቶ መኳንንት ወደ ምክትልነታቸው፣ ወ/ሮ ሰብለወርቅ ወደ ሒሳባቸው ተመልሰዋል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ መኳንንት ስብሰባው መዘጋቱን አስታወቁ። ሊቀመንበር ባለመሆናቸው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አቶ እንግዳ እንደገና ዘግተውታል።