ሁሉን ነቅናቂው ጋሼና የኔ አረንጓዴ ድልድይ

ሰው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ወንበር ሲያገኝ የሚቀመጥና ወንበር ሲያገኝ የሚነቀንቅ። እኔ ከተቀማጮቹ ነኝ። የነቅናቂዎቹ የክብር ሊቀመንበር ደግሞ ቢሯችን ውስጥ፣ ከኔ ጠረጴዛ ትይዩ ናቸው።

ፊት ለፊት "ጋሼ" እንላቸዋለን። ዘወር ሲሉ ማዕረጋቸው "ክቡር ነቅናቂ" ነው። የብረት ሕንፃና ድልድይ ዲዛይን ሲያደርጉ የሸበቱ መሐንዲስ ናቸው። መሰላል በሉት፣ የደረጃ መደገፊያ በሉት፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ ጨብጠው ወዝወዝ ያደርጉና አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጡታል። ከዚያ "እስኪ እናያለን" ይላሉ። ምን እንደሚያዩ አይናገሩም።

አዲስ ቤት የገባን ሰሞን ጋበዝናቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ የመጽሐፍ መደርደሪያችንን ያዙት። ላዩ ላይ የነበረው የአበባ ማስቀመጫ፣ ያውም የአማቴ ስጦታ፣ ወርዶ ተከሰከሰ።

"ይኸው!" አሉ ደስ ብሏቸው። "ሰው ላይ ቢወድቅስ ኖሮ?"

"ማንም ካልነካው ለምን ይወድቃል?" አለች ባለቤቴ፣ ጥርሷን ነክሳ።

"የኔ እመቤት፣ እስኪነካ ድረስማ ሁሉም ይቆማል።"

ባለቤቴ እስከዛሬ ስማቸውን አትጠራም። "ያ ሰውዬ" ነው የምትላቸው።

እኔ ግን ዘመናዊ ሰው ነኝ። የምነቀንቀው ነገር የለኝም፤ ሶፍትዌር አለኝ። ምሰሶውንና አግዳሚውን ብረት ስክሪን ላይ አቆማለሁ፣ የሰውን ክብደትና ነፋሱን እጭንበታለሁ፣ "አስላ" እለዋለሁ። የማይችለው ብረት ቀይ፣ የሚችለው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቀዩን ወፈር አደርገውና ደግሜ አስላ እለዋለሁ። ሁሉም ሲያረነጉድልኝ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ደገፍ እላለሁ። ያየኝ ሰው ብረቱን ራሴ ያቀለጥኩት ይመስለዋል።

ያን ጊዜ የደረሰኝ ሥራ ከአንድ ሆስፒታል በር ላይ ተነስቶ አውራ ጎዳናውን የሚሻገር የእግረኛ ድልድይ ነበር። በሽተኛ፣ አስታማሚ፣ ልጅ ያዘለች እናት የሚሄዱበት። ከዳር እስከ ዳር ሲያረነጉድልኝ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት። "ያምራል፤ ግን ለምን አረንጓዴ ይቀባል?" ብላ መለሰችልኝ። አድናቆት የጠማው ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጋሼ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይዩልኝ እስኪ። አንድም ቀይ የለበትም።"

መጡ። መጀመሪያ ስክሪኑን ነቀነቁት። "እስኪ እናያለን" አሉና ያተምኩትን የመጋጠሚያዎች ስዕል አጠገቡ ዘረጉት።

"ይህ አግዳሚ ከምሰሶው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ኮምፒውተሩን ምን አልከው?"

"ንቅንቅ የማይል፣ ጥብቅ መጋጠሚያ ነው አልኩት።"

"ለብረት ሠራተኛውስ ምን አልከው?"

ስዕሉን አየሁት። መጋጠሚያውን ከሌላ ሥራ ገልብጬ ነበር ያመጣሁት፤ አግዳሚው ጫፉ ላይ በስስ ላሜራና በጥቂት ቡሎን ብቻ ተይዟል። እንዲህ ያለው ክብደት ይይዛል፤ ብረቱ ሲጎብጥ ግን እንደ በር ማጠፊያ አብሮ ይዞራል።

"የሚዞር መጋጠሚያ ነው አልኩት" አልኩ።

"ለአንዱ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ነግረሃል። ኮምፒውተር የዋህ ነው የኔ ልጅ፤ ያልከውን ሁሉ ያምንሃል።"

ለኮምፒውተሩም እውነቱን ነገርኩት። ስክሪኑ ሙሉ ቀላ። እኔም አብሬው።

አልሳቁብኝም። አጠገቤ ተቀምጠው አግዳሚው ከላይም ከታችም በወፍራም ላሜራ የሚያዝበትን መጋጠሚያ አብረን ሠራን። ገና ሳንጨርስ ግን ጋሼ ለወገባቸው ቀዶ ጥገና ገቡ። ቀሪውን ብቻዬን ጨረስኩት። እንደገና አረንጓዴ ሆነ። አለቃችን "ነገ ለብረት ሠራተኞቹ ይላክ" አለኝ።

እኔ፣ አረንጓዴ ካየሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው፣ ስዕሉን ጠቅልዬ፣ ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው ወደሚያገግሙበት ቤታቸው ሄድኩ።

ባለቤታቸው በሩን ገርበብ አደረጉት። "ሐኪሙ ሥራ አትንካ ብሎታል።"

"ልጠይቃቸው ብቻ ነው እትዬ" አልኩ ጥቅሉን ከጀርባዬ ደብቄ። ጥቅሉ ከራሴ በላይ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

"ግባ፣ ግባ" አሉኝ ተንፍሰው። "የአልጋውን ራስጌ እየነቀነቀ አሳብዶኛል።"

ጋሼ ስዕሉን ብርድ ልብሳቸው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ቡሎን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ቀና ብለው "ደህና ነው" አሉ።

ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። መፈንደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የገረጣ ፊታቸውን አየሁና ጥርጣሬ ገባኝ።

"ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ደህና ነው አልኩህ እኮ!"

"መድኃኒቱ አደንዝዞዎት ይሆናል። ከመጀመሪያው እንየው።"

አፈጠጡብኝ። ቀስ በቀስ ግን ፊታቸው በራ፤ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፣ እያማቸው ሳቁ። "አንቺ!" ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ "ለዚህም ልጅ ምሳ ጨምሪ፤ ቶሎ የሚሄድ አይመስልም!"

ምንም ስህተት አላገኘንም። ድልድዩም ተሠርቶ የሆስፒታሉ ሰው ይመላለስበታል። እኔ ግን ጋሼ ቢሮ እስኪመለሱ ድረስ ስዕል እየጠቀለልኩ እዚያ ቤት ስመላለስ ሰነበትኩ፤ አብዛኛው መታየት እንኳ የማያስፈልገው ነበር።