እስከ ክርን የተቆረጠው እጀታ

ሰው በምን በምን ይቀናል? ጎረቤቱ ለገጣፎ ላይ ባሠራው ቪላ የሚቀና አለ። የባልደረባው ልጅ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘች ሲባል ያን ቀን ምሳ የማይበላም አለ። እነዚህ ቢያንስ ሲጠየቁ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሰሚውም “እውነትም ያስቀናል” ብሎ ያጽናናቸዋል። እኔን ማን ያጽናናኝ? እኔ የቀናሁት በእጀታ ነው።

እንዳትስቁ። ሚስቴ ለሁላችሁም ስቃላችኋለች።

ሰበታ ውስጥ አጥር የምንጋራቸው ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። እሑድ እሑድ አብረን ሚኒባስ እየቀያየርን ቡራዩን አልፈን አንድ ግድብ ዳር ዓሣ ልናጠምድ እንሄዳለን፤ ከሱሉልታም ሳይቀር የሚመጡ አምስት ስድስት የዚሁ በሽታ ተጠቂዎች እዚያ ይጠብቁናል። የእኔ ማጥመጃ ዘንግ ከመርካቶ የተገዛ ፕላስቲክ ነው። እጀታው ስፖንጅ ነበር፤ ስፖንጁ ሲያልቅ ፕላስተር ጠቀለልኩበት። የእሳቸው ግን በወጣትነታቸው አብረውት የሠሩት አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሲሄድ የተወላቸው፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ የቀርከሃ ዘንግ ነው።

እጀታውን ልንገራችሁ። ትንንሽ የቡሽ ቀለበቶች አንድ በአንድ ቀርከሃው ላይ ተሰክተው፣ ተጣብቀውና ተሞርደው አንድ ወጥ ሆነዋል፤ መጋጠሚያቸውን በጥፍራችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ከታች የናስ ቆብ አለው። ከመዳፍ ተነሥቶ ክርንን አልፎ ብብት ሥር ይደርሳል። በስልኬ እያነበብኩ እንዳጠናሁት ርዝመቱ ለጌጥ አይደለም፤ በሁለት እጅ ለመወርወር ነው፣ ኋላ ያለው ክብደትም ከፊት ያለውን ረጅም ቀርከሃ በሚዛን ይይዘዋል። ኦቦ ቶሎሳ በዚያ ዕድሜያቸው ቀኑን ሙሉ ይዘውት የሚውሉት ለዚህ ነው። እኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጄ ዝሎ ስቀመጥ እሳቸው ቆመው ያፏጫሉ። እጀታውንስ በቻልኩት ነበር፤ የገደለኝ ፉጨታቸው ነው።

አንድ እሑድ ዕቃችንን እየሰበሰብን ሳለ ድንገት ጠየቁኝ።

“ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ብትሆን ይሄ እጀታ አይረዝምብህም?”

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ትክክሉን ከስህተቱ መለየት እንጀራዬ ነው፣ የዚህን ጥያቄ መልስም አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ያን ቀን እሳቸው አራት ዓሣ ይዘዋል፤ እኔን ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል።

“በጣም እንጂ!” አልኩ። “እስከ ክርን ከደረሰ ይበቃል። የቀረው ትርፍ ነው፤ ያስቆርጡት።”

ክንዴን ያዙና ከመዳፌ እስከ ክርኔ በስንዝራቸው ለኩ። የእሳቸው ክንድ እያለ የእኔን ለምን እንደለኩ አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጸጸት እንቅልፍ ነሳኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ለሽ ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ ደጄን አንኳኩ። ዘንጉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውታል፤ እጀታው ተቆርጦ፣ የናሱ ቆብ እንደገና ተገጥሞለታል። አናጢው እጁ ይባረክ፣ ቁርጡ እንኳ አይታወቅም።

“እንካ” አሉኝ። “ትከሻዬ እምቢ አለ፤ ሐኪሙም ይብቃዎት ብሎኛል። ልጆቼ እንደሆኑ የዓሣ ሽታ እንኳ አይወዱም። አባቴ ለሰው በትር ሲሰጥ የተቀባዩን ልክ ሳይወስድ አይሰጥም ነበር። ቀድሜ ብነግርህ በይሉኝታ ‘እንዳለ ይሁን’ ትለኛለህ ብዬ ነው ዝም ብዬ የጠየቅኩህ።”

በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። እሳቸው ግን ደስታ መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ዘንጉ ሚዛኑን ስቷል። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዶ አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ካልነከርኩ ይላል። በሁለተኛው እሑድ የእጄን አንጓ በፋሻ አሰርኩት። ኦቦ ቶሎሳ አሁንም አይቀሩም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው “ተስማማህ?” ይሉኛል። “ልክክ ብሏል!” እላለሁ። እውነቱን ብነግራቸው የሰጡትን ስጦታ መልሼ የምነጥቃቸው ይመስለኛል፤ ይሄ ደግነት ይሁን ፍርሃት ለይቼው አላውቅም።

ይህ ሳያንስ ወሬው ተዛመተ። ኦቦ ቶሎሳ “ስለ እጀታ የሚያውቅ እሱ ነው” እያሉ ላገኙት ሁሉ ያሞግሱኛል። አንድ የሱሉልታ ሰውዬ ታዲያ አሮጌ የቀርከሃ ዘንግ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ይዞ መጣ። እጀታው ረጅም ነው፣ ቡሹ ገና የማር መልክ አለው። በሁለት ጣቴ ላይ ባስቀምጠው ወዲህም ወዲያም ሳይል ቆመ። እንደገና ቀናሁ።

“ላስቆርጠው እንዴ?” አለኝ ሰውዬው።

ኦቦ ቶሎሳ መልሴን ለመስማት ከድንጋያቸው ላይ ጆሯቸውን አቅንተዋል። ቁረጠው ካልኩ ሌላ ዘንግ ይሞታል። ተወው ካልኩ ደግሞ የእኔ ጉድ ይወጣል።

“አትንካው” አልኩ። “ርዝመቱ ነው የሚሸከምልህ። አንድ ጣት ብትቀንስለት አለቀለት።”

ኦቦ ቶሎሳ ዘንጌን አዩ። ቀጥለው በፋሻ የታሰረውን አንጓዬን አዩ። ሰውዬው አመስግኖኝ እስኪርቅ ጠበቁ።

“እኔ የጠየቅኩህ ቀን ይሄ እውቀትህ የት ሄዶ ነበር?”

“ቀንቼብዎት ነበር” አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ውኃው ዞሩ።

“እኔስ መች ሳልቀና ቀረሁ?” አሉ በመጨረሻ። “በትከሻህ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ባሉበት ደከመኝ ብዬ አላውቅም።