ሃያ ሆኖ ያላለፈው የጋሽ አስራት ማር

ኮምፒውተር አይሳሳትም ያለኝን ሰው ዛሬ ባገኘው ደስ ይለኛል። ምሳ እየጋበዝኩ ልኩን እነግረው ነበር።

ቦንጋ ውስጥ ማር የሚረከብ መጋዘን ነው የምሠራው። የማሩን እርጥበት በመለኪያ ደጋግሜ አያለሁ፣ ቁጥሮቹን ለኮምፒውተር እሰጣለሁ፣ አማካዩን እሱ ያወጣል። እርጥበቱ እስከ ሃያ በመቶ ከሆነ ያልፋል፤ ሃያን ከበለጠ ይመለሳል። በቃ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጋሽ አስራት ከማንኪራ ማራቸውን ይዘው መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አዲሱ ኮምፒውተር «20» አለና ከጎኑ በቀይ «አያልፍም» ብሎ ቁጭ! እንዴ፣ ሃያ እኮ ያልፋል! ወረፋ የያዘው ሁሉ አየ። አንዱ ውሃ ቢጨምሩበት ነው ብሎ አንሾካሾከ። ጋሽ አስራት ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

እነዚያኑ የመለኪያ ቁጥሮች አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ጻፍኳቸው። «ያልፋል» አለኛ! አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እስቲ አስርን ለሦስት አካፍሉ። ሦስት ነጥብ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት... ሲሰለቻችሁ የሆነ ቦታ ታቆማላችሁ አይደል? ኮምፒውተርም በራሱ አቆጣጠር ዜሮ ነጥብ አንድን እንኳ ጽፎ አይጨርስም፤ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። አንዱ ፕሮግራም የሚደምርበት ተራ ከሌላው ከተለየ፣ የተቆረጠው ትርፍራፊም ይለያያል። አዲሱን ሳትደብቅ ዘርዝር ስለው፣ ሃያ ነጥብ፣ ከዚያ የዜሮ መዓት፣ መጨረሻ ላይ አንዲት አራት። በዚህች አራት የሰው ስም ይጥፋ?

አለቃዬ ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ይበቃል፣ አጠጋጋው አለችኝ። አጠጋጋሁት፤ ማሩ አለፈ። ጋሽ አስራት ግን ወይ ፍንክች! ወሬው ቀድሟቸው ማንኪራ ገብቷል፤ በምን አፋቸው ያስተባብሉ? ደብዳቤ ጠየቁ። «ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው፤ ማሩ ውሃ የለበትም» ብዬ ጻፍኩላቸው። አለቃዬም ማኅተም መታችበት። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ሲከቱ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በሳምንቱ አምስት የማንኪራ ሰዎች ተያይዘው መጡ። የሁሉም ማር ገና ድሮ፣ ያለ አንዳች ችግር ያለፈ ነው። ምን ፈልገው መሰላችሁ? ደብዳቤ። ለካ ጋሽ አስራት ወረቀታቸውን በየደጁ እያሳዩ፣ «የእናንተስ ማር ውሃ እንደሌለበት ማኅተሙ የታለ?» ማለት ጀምረዋል።